የክት አውቶሞቢል

ወይዘሮ ሐረገወይን አራዳ ላይ፣ ከዋኘው ጋራዥ ደጃፍ፣ ከጥቁሯ አውቶሞቢል ሥር በጀርባዋ ተንጋላ የዘይት መውጫውን ቡሎን ስታጠብቅ፣ ከእግሯ አጠገብ ከዘራ መሬቱን ሲቆረቁር ሰማች። ሁለት ጊዜ መታ፣ ቆየ፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ መታ። ይህን አመታት ከሠርጓ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። የባሏ ታላቅ ወንድም ግራዝማች ሐብተ ማርያም ከጭልጋ መጥተዋል ማለት ነው። መጥተውም በአራዳ አደባባይ መጀመሪያ ያገኙት የሟች ወንድማቸውን ሚስት እግር ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን ሰውየው እስኪሄዱ እዚያው ትንፋሿን ውጣ ትቆይ ነበር። ሐረገወይን ግን ቡሎኑን አጥብቃ ጨረሰችና እየተንፏቀቀች ወጣች። እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደሩ አያ ሐብተ ማርያም። ደህና ገቡ?»

ግራዝማች ሰላምታውን አልመለሱም። ግራና ቀኝ አዩ፤ መንገደኛ እየሰማ ነው።

«ምነው ሐረግ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምነው? ወንድሜ ዳኛው ከሞተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ፣ ዳዊት ደጋሚዋ፣ ጨዋ የጨዋ ልጅ፣ በአደባባይ ከማኪና ሥር ትተኛለች?»

«ዘይት ልለውጥ ነው አያ። ዘይቱ የሚወጣው ከሥር ሆነብኝ። ከላይ ቢሆን ኖሮ ቆሜ እለውጠው ነበር።»

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«አልቀልድም። የጠየቁኝን መለስኩልዎ።»

የአውቶሞቢሏን ነገር አስቀድመን መናገር አለብን፤ ጠቡ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነውና። ሟቹ አቶ ዳኛው የማርና የሰም ነጋዴ ነበሩ። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ሹም ከጎንደር ተዛውረው ሲሄዱ፣ አምስት ዓመት ያህል የተቀመጡባትን የባሕር ማዶ አውቶሞቢል ገዙ። ያን ጊዜም አዲስ አልነበረችም። ሆኖም ወንበሯ ቆዳ፣ ፊት ለፊቷ የተወለወለ እንጨት፣ በሯ ሲዘጋ ድምፁ የማይሰማ፣ በእውነት የመኳንንት ዕቃ ናት። አቶ ዳኛው ወደዷት፤ መውደዳቸውም አበላሻት። ለአገራችን ሰው የተወደደ ነገር ሁሉ ክት ነው። ሸጋው ልብስ ሣጥን ይገባል፣ ሸጋው ብርጭቆ ቁም ሣጥን ይገባል፤ ባለቤቱ በአሮጌው ሲንከራተት አዲሱ በጨለማ ያረጃል። አቶ ዳኛውም አውቶሞቢላቸውን ለጥምቀት፣ ለመስቀልና ለሠርግ ብቻ ያወጧት ነበር። በቀረው ጊዜ አቡጀዲ ለብሳ ከግቢው ወይራ ሥር ትቆማለች። እሳቸው ራሳቸው ማር ሊገዙ ጭልጋ ሲሄዱ በጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያው ጋር ተጭነው ነበር።

አቶ ዳኛው ሲሞቱ ደግሞ ግራዝማች ነገሩን አባሱት። የጌታዋ ሐዘን ሳይወጣ ማንም አይቀመጥባትም፣ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ እንዳትነካ ብለው አዘዙ፤ እንዳሉትም ሆነ። ዓመቱ አልፎ ሐረገወይን አቡጀዲውን ስትገልጥ ባትሪው ሞቷል። አራቱም ጎማዎች መሬት በነኩበት ጎናቸው ተሰንጥቀዋል። የኋላው ወንበር ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ያን ቀን ሐረገወይን ከወይራው ሥር ተቀምጣ ከቀብሩ ቀን ያላነሰ አለቀሰች። በማግሥቱ ግን ሙያውን ከጣሊያኖች የተማረውን ሽማግሌውን ዋኘውን አስጠርታ፣ «ጠግንልኝ፤ ስትጠግንም እያሳየኸኝ» አለችው።

ሦስት ወር ፈጀ። ጠገነ፣ አስተማራት፣ መንዳትም ለመደች፣ ተፈትና ፈቃዷን አወጣች። ዛሬ አራት ወሯ ነው፤ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ታመጣለች፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ሙሽራ ታጅባለች። በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ ነው የምትኖርበትን የኪራይ ቤት የያዘችው፤ አንድ ልጇን ይመኙሽንም አምስተኛ ክፍል ያደረሰቻት። ከተማው አወራ፣ ሰለቸውና ተወ። ያልሰሙት ግራዝማች ብቻ ነበሩ።

«ስሚኝ» አሉ አሁን፣ ከጋራዡ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። «እኔ ለክፋት አልመጣሁም። ለማኪናይቱ ገዥ አግኝቼላታለሁ። የሳንጃውን የሰሊጥ ነጋዴ ክንዱን ታውቂዋለሽ። ነገ ጭልጋ፣ አይከል ላይ ይጠብቀኛል። እኔም ነገ ረፋድ ላይ እዚያው የግጦሽ መሬት ሽምግልና አለብኝ። ሾፌር ፈልጊና ይዣት ልሂድ። አንቺና ልጅቱም ዕቃችሁን ጠቅልላችሁ ከጥር በፊት ጭልጋ ትገባላችሁ። ቤቱ አለ፣ መሬቱ አለ። ለይመኙሽም የሚሆን ጨዋ ቤት አላጣሁላትም።»

ሐረገወይን እስከዚህ ድረስ ፈገግ እያለች ነበር የምትሰማው። የመጨረሻው ቃል ግን ፈገግታዋን አጠፋው። ይመኙሽ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጭልጋ ከገባች ጥር ሳያልፍ ትዳራለች፤ ደብተሯም እንደ አባቷ ማኪና አቡጀዲ ይለብሳል።

«አልሸጥም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልሸጥም አያ። ይመኙሽንም አልድርም። ሁለቱንም አንድ ላይ ስለተናገሩ እኔም አንድ ላይ መለስኩ።»

ግራዝማች ከዘራቸውን አጋድመው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ሐረገወይንም አትጨነቅ ነበር። የልጅቱ ሞግዚት ናቸው፤ የዘመድ ሽማግሌ ቢሰበሰብ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነው፤ አውቶሞቢሏም እስከ ዛሬ የተጻፈችው በሟቹ ስም ነው። እሷ ያላት አልሸጥም ማለት ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ቁጣሽን ትተሽ እንደ አዋቂ አስቢ» አሉ። «ማኪና ያረጃል። ይህች ደግሞ ከሌላ ሰው እጅ የመጣች ናት፤ ሹሙ በልተው የተዉአት። እንዲያም ሆኖ እስከ ዛሬ ያቆያት ምንድን ነው? ዳኛው ስለሳሳላት ነው። ክት አድርጎ ስላኖራት ነው። አንቺ አሁን በአዘቦት ቀን፣ በዚህ አቧራ፣ በሽተኛ ጭነሽ ትሮጪባታለሽ። ዓመት አትቆይልሽም። ያን ጊዜ ማኪናም የለሽ፣ በሬም የለሽ። ሳታስቀይምሽ ገና ስታብረቀርቅ ሽጫት።»

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሹሙ አምስት ዓመት በየቀኑ ሲነዷት ስንት ቀን ታመመች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ዋኘው ያውቃል፤ እሱ ነበር የሚያያት። አንድ ቀን አልታመመችም። እኛ ስድስት ዓመት አስቀመጥናትና ሞታ አገኘናት። ጎማ ሲቆም ይሰነጠቃል። ባትሪ ሲቆም ይደርቃል። ዘይት ሲቆም ይወፍራል፤ ብረቱም ዘይት ሳይደርሰው ይዝጋል። አይጥም የምትወልደው ሰው በማይቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ዳኛው ነፍሱን ይማረውና ሳስቶላት ገደላት። እርስዎም አከበርኳት ብለው ቀበሯት።»

«ሙታንን ተይ።»

«ሙታንን አልነካሁም፤ ልማዱን ነው የነካሁት። እኔ የምፈራው ማርጀቷን አይደለም። እርጅናማ የኔም የእርስዎም ነው። የምፈራው ሳትሠራ ማርጀቷን ነው።»

ግራዝማች ሲያብሰለስሉት የቆዩትን ሌላ ነገር አወጡ።

«ደግሞ ያ የምትቀቢያት ግራሶ የአሳማ ሞራ ነው ይባላል። የመሪጌታ ልጅ እጇን በእሱ ነክራ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች?»

«ከምድር የሚወጣ ዘይት ነው፤ አሳማም በግም አላየውም። ከጭልጋ ያመጣዎት የጭነት ማኪናም እሱኑ ተቀብቶ ነው የመጣው። በእግርዎ ነው የሚመለሱት?»

ከጋራዡ ውስጥ ዋኘው ሳቁን በሳል ለወጠው። ግራዝማች ወደ ውስጥ አንዴ ገላምጠው ወደ እሷ ተመለሱ።

«እሺ፤ ትሠራ ብለን እንያዝ። ማን ይጠብቃታል? ማኪና ነጋ ጠባ ሐኪም ይፈልጋል። ሴት ልጅ ይህን ሁሉ እንዴት ታስታውሳለች?»

ሐረገወይን ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ኖራለች።

«እርስዎ የወሩን በዓላት ጽፈው ነው የሚያስታውሱት?»

«በዓል እንዴት ይረሳል?»

«እኔም አልረሳም። ከአባቴ ቤት ያመጣሁት ሀብት ይኸው ነው። በየወሩ በሚካኤል ዋዜማ ዘይቷን አያለሁ። በማርያም ዋዜማ ግራሶ አስቀባታለሁ፣ የባትሪዋን ውሃ እሞላለሁ። በመድኃኔ ዓለም ዋዜማ ፍሬኗንና ጎማዎቿን አያለሁ። በዓሉን እሽራለሁ እንዳይሉኝ ሁሉንም በዋዜማ አደረግሁት። ዛሬ የማን ዋዜማ ነው?»

ግራዝማች ሳያስቡት «የሚካኤል» አሉ፤ ወዲያው ግን የተናገሩት እንዳልጣማቸው ከፊታቸው አስታወቀ። በሬዎቻቸው ተራ አላቸው፤ ማኅበራቸው ቀን አለው። የእጅ ሥራም እንደዚያው ቀን ተቆርጦለት የሚኖር ቢሆን ስንት በር፣ ስንት ጣሪያ፣ ስንት ጉድጓድ ሳይበላሽ በዳነ። እኛ ግን ተበላሸ ሲሉን ነው የምንነሣው፤ ስንነሣም መጀመሪያ የምንፈልገው የምንቆጣው ሰው ነው።

«ነገር አይገድሽም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ማኪና በነገር አይሄድም።»

«እንግዲያው በመሄድ እንየው። ነገ አይከል እኔ አደርስዎታለሁ። በመንገድ ላይ ጥላን ከቀረች ቁልፉን በእጄ እሰጥዎታለሁ፣ ለክንዱም ለማንም ይሽጧት። ካደረሰችን ግን፣ ሽጪ የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአፍዎ አልስማ።»

«በሰው ፊት ትይዋለሽ?»

«ዋኘው ይስማ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ዋኘው ከውስጥ።

በማግሥቱ ገና በማለዳ ግራዝማች ከኋላው ወንበር እንደ ሹም ተቀምጠው ከጎንደር ወጡ። ጉልበታቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ ይዘዋል። ሐረገወይን አዘዞን አልፈው ወደ ምዕራብ በሚታጠፈው የጣሊያን መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ «ምን ይዘው ነው እንዲህ የታቀፉት?» አለች።

«ካባዬ ነው። ማዕረጉ ሲሰጠኝ የለበስኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለብሼዋለሁ። ትናንት ለጉዳዬ ፍርድ ቤት ስገባ ለዳኛ ልለብሰው ነበር፤ ሰውየውን ሳየው ልጅ እግር ነው፣ አይገባውም ብዬ ተውኩት። ለዛሬው ሽምግልና ግን ይሁን።»

ሐረገወይን ማርሽ ቀነሰች፤ አቀበቱ ተጀምሯል።

አውቶሞቢሏ ሸጋ ትሄድ ነበር። ጠጠሩ ከሥሯ ይንጫጫል፣ እሷ ግን አትነቃነቅም፤ ግራዝማችም ሳያውቁት ጀርባቸውን ለቆዳው ወንበር ሰጡት። አንድ ጊዜማ ዓይናቸውን ከደን አደረጉ። ሐረገወይን በመስታወቱ አይታቸው ደስ ሊላት ሲል፣ ከፊት ለፊቷ ያለው የሙቀት ማሳያ ቀስት ከቦታው ተነሥቶ ወደ ቀዩ ሲወጣ አየች። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ከመንገዱ ዳር አውጥታ አቆመች። ሞተሩን ዘጋች፣ ወርዳ ኮፈኑን አነሣች። ማራገቢያውን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋ የሚሉት፣ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ከራዲያተሩ እንፋሎት ይወጣል።

ግራዝማች ወርደው አጠገቧ ቆሙ። በተበጠሰው ላስቲክ ላይ በከዘራቸው ጫፍ ጠቆሙ።

«ይኸው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ ያዘኑም ይመስላሉ። «አላልኩሽም?»

ሐረገወይን ሄዳ ቁልፉን ነቀለችና አምጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗንም ከእሳቸው ላይ አልነቀለችም።

«ቃሌን ፈጽሜያለሁ። ማኪናይቱ የእርስዎ ናት። አሁን ደግሞ ሌላውን ይስሙ። ቁልፉን ወሰዱ እንጂ ልጄን አይወስዱም። ጭልጋ አልገባም። ይቺ ብትሸጥ ጠላ እሸጣለሁ፣ እንጀራ ለሰው እጋግራለሁ፣ ይመኙሽ ግን ትማራለች። የዘመድ ሽማግሌ ቢሰበስቡም እዚያው መካከላቸው ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ቢረግሙኝም ተረግሜ አስተምራታለሁ።»

ግራዝማች ቁልፉን እንደ ያዙ ቀሩ። ነጭ ለባሽ ገበሬዎች ወደ አይከል አህያ እየነዱ አለፉ፤ አንዱ «ምነው ጌቶች፣ እንግፋ?» አለ። ሐረገወይን በእጇ እለፍ አለችውና መንገዱን ቀጠለ።

«ይሁን እንጂ» አለች ሐረገወይን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እየታጠቀች፣ «ሽምግልናዎ አይቀርብዎትም። ከዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ፤ አስነሣታለሁ።»

«ከተበጠሰ በኋላ?»

ከኋላው የዕቃ ማስቀመጫ የመፍቻዎቿን ከረጢት፣ በቆርቆሮ የያዘችውን ውሃና ከነወረቀቱ ያለ አዲስ ቺንጋ አመጣች። ግራዝማች ወረቀቱን አዩት፣ ላስቲኩን አዩት፣ እሷን አዩዋት።

«ይህ መቼ የተገዛ ነው?»

ሐረገወይን መፍቻዋን ይዛ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና አለች። ልትዋሽ ትችላለች፤ ትናንት ነው ብትላቸው ማን ያውቃል። ፊቷ ግን ቀላ።

«ከሦስት ወር በፊት። ዋኘው፣ አሮጌው ደርቋል፣ አሁኑኑ ለውጪው ብሎኝ ነበር። በከተማው የተገኘው ይህ አንድ ብቻ ነው። አዲስ ነው፣ ያሳዝናል፣ አሮጌው ትንሽ ይሥራ ብዬ... » አቋረጠች። «ሣጥን ከተትኩት አያ። ክት አደረግሁት።»

ግራዝማች መጀመሪያ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ በጎንደር አውራ መንገድ ላይ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ መሳቅ ከሚገባቸው በላይ ሳቁ። ሐረገወይንም ሳትወድ ሳቀች።

«ትናንት ከዋኘው ደጃፍ እኔን ስታስተምሪኝ የዋልሽው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አዲሱን ከኋላ ቆልፈሽ ነው?»

«ቆልፌ ነው። እርስዎን ስወቅስ የራሴን አላየሁትም። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።»

«እሺ። እንዲህ ካልሽስ ይሻላል። ለመሆኑ ያሮጌው ላስቲክ ጥፋት የማን ነው? የማኪናይቱ ነው?»

«የእርስዎና የኔ። ዓመቱን ሙሉ ያደረቁት እርስዎ ነዎት፤ ደርቆ አይቼው የተውኩት እኔ ነኝ። ማኪናይቱ ምንም አላደረገችም።»

ይህን የመሰለ መልስ ግራዝማች በስንት ሽምግልና ሲፈልጉት ኖረው አላገኙትም። የሚጣሉ ሁሉ ጥፋቱን ተሸክመው የሚመጡት ለሌላው ሊያሸክሙ ነው። ይህች ሴት ግን የራሷን ድርሻ ራሷ ለይታ አነሣች፤ የእሳቸውንም ሳትደብቅ አሳየቻቸው። ከዘራቸውን ከድንጋዩ አስደግፈው የውሃውን ቆርቆሮ አነሡላት፣ ራዲያተሩ እስኪበርድም ይዘውላት ቆሙ።

ፀሐይዋ ብዙ ሳትርቅ ሥራው አለቀ። ሐረገወይን እጇን ጠርጋ ከመሪው ፊት ተቀመጠች። ግራዝማችም ከኋላ ገቡ፤ አይከል ቀርቧልና ካባቸውን ሊለብሱ ጥቅሉን መፍታት ጀመሩ። ቁልፉን እንዲሰጧት ልትጠይቃቸው ዓይኗን ወደ መስታወቱ አነሣች።

ነጩ ጨርቅ ተፈታ። ካባው ወጣ፣ ጥቁር ሐር፣ ጠርዙ ወርቅ ቅብ። ግራዝማች ዘርግተው በሁለት እጃቸው ከፍ ሲያደርጉት በጀርባው በኩል ብርሃን ገባ። ብል በልቶታል። አንድ ቦታ አይደለም፣ ከትከሻ እስከ ወገቡ ወንፊት ሆኗል። ሽማግሌው ጣታቸውን በአንዱ ቀዳዳ አስገቡና በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ተመለከቱት። ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ እዚያው ተዉት።

ሐረገወይን ዓይኗን ከመስታወቱ አነሣች። ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ ተራራው አየች፤ ከኋላዋ ጨርቅ ሲጠቀለል ሰማች። በትከሻዋ ላይ እጅ መጣ፣ እጁም ቁልፉን ይዟል።

«ንጂ» አሉ። እሷም ሞተሩን አስነሣች።

አይከል ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተሰብስበዋል። ክንዱም አለ። ግራዝማች ሲወርዱ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ነው፤ ካባው ከወንበሩ ላይ ቀርቷል። ክንዱ ሰላምታውን አሳጥሮ አውቶሞቢሏን ዞረ፣ ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ በመስኮቱ ወንበሩን አየ።

«ያረጀች ናት ግራዝማች። ቢሆንም መልኳ ያምራል፤ እወስዳታለሁ። እኔ እንደ ሌላው አላደክማትም። ለጥምቀት ብቻ አወጣታለሁ፤ በቀረው ጊዜ ሸጋ ሸራ አልብሼ መጋዘን ውስጥ አኖራታለሁ።»

ሐረገወይን በሩን እንደ ያዘች ቆማለች። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ግራዝማች ምን እንደሚሉ አታውቅም። ቁልፉ የተመለሰላት ለመንገዱ ይሁን ለዘለቄታው አልተነጋገሩም።

«አትሸጥም» አሉ ግራዝማች።

«እንዴት? ሰው ልከው ያስጠሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አስጠርቼሃለሁ። አስጠርቼህም አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«መንገድ ላይ ቆማ አየናት አሉ ባለ አህዮቹ። ጥላችሁ የምትቀር ማኪና ሙጭጭ አድርጋችሁ ይዛችሁ ምን ልታደርጓት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ግራዝማች ዞሩ። እሳቸውም ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ሲናገሩም ለክንዱ ብቻ አልነበረም።

«ቆማለች። እውነት ነው። የቆመችው ግን ስለሠራች አይደለም፤ ዓመት ሙሉ አትሥራ ብዬ ስላሰርኳት ነው። ባለቤቷ ደግሞ የሚያልቀውን ነገር አውቃ ይዛ ነበርና አስነሥታ አመጣችኝ። በእኔ ዕድሜ አዲስ ማኪና የገዛ ሰው አይቻለሁ፤ ሲበላሽበት ከመንገድ ዳር ቆሞ እግዚኦ ይላል። አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው የዕቃውን ጠባይ ካወቀ፣ ተራውን ጠብቆ ካየው፣ አዲስ ከያዘ ሞኝ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ይቺ ማኪና በሽተኛ ታደርሳለች፣ አንዲት ሴት በሰው ደጅ እንዳትቆም ታደርጋለች፣ የወንድሜን ልጅ ታስተምራለች። አንተ ግን ሸራ ልታለብሳት ነው። ብል የሚበላው ሌላ ዕቃ ፈልግ።»

ክንዱ ነገሩ ባይገባውም ተከራክሮ እንደማያሸንፍ ገባው። ለሐረገወይን ግን ገባት። ፊቷን አዙራ የበሩን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

ግራዝማች ወደ ዋርካው ከመሄዳቸው በፊት ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለ ልጅቱ የተናገርኩትንም ተይው። ለጠየቁኝ ቤት፣ ትምህርት ላይ ናት እላቸዋለሁ። የማኪናይቱን ወረቀት በስምሽ እንድናዞር ደግሞ ቀን ቁረጪ፤ በዋዜማ ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ለምክር የሚበቃ ነው። ሐረገወይን አዲስ ቺንጋ ባገኘች ቁጥር አዲሱን ታስገባለች፣ ለመጠባበቂያ የምትይዘው ከአሮጌው ደህናውን ነው። አውቶሞቢሏ በየዋዜማው ትታያለች፣ በየአዘቦቱ ትሠራለች። ይመኙሽ ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ በመድኃኔ ዓለም ዋዜማ ፍሬን ሲፈተሽ መፍቻ ታቀብላለች። በጭልጋም የግራዝማች ቤት ሣጥኖች በወር አንድ ቀን ተከፍተው ልብሱ ሁሉ ፀሐይ እንዲመታው ታዘዘ። ጎረቤቶች መጀመሪያ የሚሸጡ መሰላቸው፤ በኋላ ግን የራሳቸውን ሣጥን ከፈቱ፤ ያገኙትንም አይተው ደነገጡ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ሐረገወይን መንገደኞች ጭና አይከል ገባች። ገበያ የለም፣ ማኅበር የለም፣ አደባባዩ ባዶ ነው። ግራዝማች ሐብተ ማርያም በበቅሏቸው ከሜዳው በኩል ብቅ አሉ፤ ያን ካባ ለብሰዋል። ቀዳዳዎቹ በጥቁር ክር ተጥፈዋል፤ አንዳንዱ ጥፈት ከሩቅ ይታያል፣ ወርቅ ቅቡ ግን ያበራል። ከመንገደኞቹ አንዱ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ «ግራዝማች፣ ዛሬ የምን በዓል ነው?» ሲል ጮኸ።

ግራዝማች በቅሏቸውን ሳያቆሙ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለሁሉም እንዲሰማ መለሱ።

«ምንም በዓል አይደለም። ማክሰኞ ነው።»